«ተተርጕሞ ተመለሰ»፦ የሥርዓተ ምግብ ጥናት ለመጽሔት ሲሰናዳ የቋንቋው ሥራ የት ይጻፋል?

በአገራችንና በጎረቤት አገሮች ተካሂደው በሥርዓተ ምግብ መጽሔቶች የሚታተሙ የመስክ ጥናቶችን የሚያነብ ሰው፣ «ዘዴ» በተባለው ክፍል አንዲት ዐረፍተ ነገር ደጋግሞ ያገኛል። «መጠይቁ በእንግሊዝኛ ተዘጋጅቶ ወደ አማርኛ ተተረጐመ፤ ይዘቱ አለመዛባቱን ለማረጋገጥም በሌላ ተርጓሚ ወደ እንግሊዝኛ ተመለሰ» ትላለች። በአማርኛ ፈንታ አፋን ኦሮሞ፣ ሶማሊኛ ወይም ስዋሂሊ ሊገባበት ይችላል፤ የቀረው ቃል እምብዛም አይለወጥም። አርታኢው ያልፋታል፣ ገምጋሚውም ያልፋታል። ከሷ ቀጥሎ የሚመጡት ሠንጠረዦች ግን በሙሉ በሷ ላይ የቆሙ ናቸው።

ይህ ጽሑፍ ያቺ ዐረፍተ ነገር ምን እንደምትደብቅና በምን ልትተካ እንደምትችል ለቋንቋ ባለሙያዎች ለማስረዳት የተዘጋጀ ነው። ጉዳዩ እኛን የሚነካው ረቂቁ ብዙ ጊዜ ወደ እጃችን ስለሚመጣ ነው፤ የሚመጣው ግን ዘግይቶ ነው። የጤና ትምህርት ክፍል ባልደረባ መረጃውን ሰብስቦ፣ ተንትኖና ጽፎ ከጨረሰ በኋላ «እንግሊዝኛውን ብቻ እይልኝ» ይላል። በዚያ ሰዓት ልናርመው የምንችለው ሰዋስው ብቻ ነው፤ ምግቡን የጠራው ቃል ከተሳሳተ ስሕተቱ ቍጥር ሆኖ ሠንጠረዥ ውስጥ ገብቷል።

የረቂቁ አካል

ስለ ረቂቁ ቅርጽ በዝርዝር መናገር አያስፈልግም፤ መግቢያ፣ ዘዴ፣ ውጤትና ውይይት የሚለው ቅደም ተከተል በሁሉም ዘንድ የታወቀ ነው። እያንዳንዱ መጽሔት የቃላት ወሰኑን፣ የአኅጽሮተ ጽሑፉን አቀማመጥ፣ የሠንጠረዥ ብዛትንና የሥነ ምግባር ፈቃድ መግለጫውን በራሱ የደራሲያን መመሪያ ይደነግጋል። መመሪያውን ያላነበበ ደራሲ ረቂቁ ወደ ገምጋሚ ሳይደርስ ይመለስለታል። መጽሔቱን መምረጥ ራሱ አንድ ሥራ ነው፤ በ2001 እ.ኤ.አ. በኬንያዊቷ የሥርዓተ ምግብ ምሁር በሩት ኦኒያንጎ የተመሠረተውን የአፍሪካ የምግብ፣ የግብርና፣ የሥርዓተ ምግብና የልማት መጽሔት የመሰለ አህጉራዊ መጽሔት የአካባቢ ምግብን ስም ለማስረዳት ከሩቅ መጽሔት ይልቅ አጭር መንገድ ሊሆን ይችላል።

አንድ ሰነድ ግን ልብ ሊባል ይገባል። በ2016 እ.ኤ.አ. «ስትሮብ-ነት» የተባለ መዘርዝር ታትሟል፤ የአመጋገብ ምልከታ ጥናቶች ሲዘገቡ መገለጽ ያለባቸውን 24 ተጨማሪ ነጥቦች የያዘ ነው። ብዙ መጽሔቶች ይህን ወይም መሰሎቹን መዘርዝሮች ተሞልተው ከረቂቁ ጋር እንዲቀርቡ ይጠይቃሉ። የአመጋገብ መረጃው በምን መሣሪያ እንደ ተሰበሰበ፣ ምግቦች እንዴት እንደ ተመደቡ፣ መሣሪያው ለዚያ ሕዝብ ተስማሚነቱ እንዴት እንደ ተፈተሸ ይግለጹ የሚሉት ጥያቄዎች ለእኛ የተከፈቱ በሮች ናቸው። ደራሲው በሳጥኑ ውስጥ የገጽ ቍጥር ጽፎ ያልፋል፤ ገጹ ላይ ያለችው ግን ያችው ዐረፍተ ነገር ናት።

ቃሉ ሲመለስ ምግቡ ሳይመለስ

ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው። ወደ ኋላ መተርጐም የሚፈትሸው ቃል ከቃል መገጣጠሙን እንጂ ቃሉ የሚያቅፋቸው ነገሮች አንድ መሆናቸውን አይደለም። በእኛ ሙያ አነጋገር፣ ፍቺው ሲመለስ ስፍሩ ሳይመለስ ሊቀር ይችላል።

ምሳሌው በሰፊው ከሚሠራበት መለኪያ ይወሰድ። የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት ከሌሎች ጋር ባዘጋጀው የሴቶች የአነስተኛ ምግብ ስብጥር መለኪያ መሠረት፣ ዕድሜዋ ከ15 እስከ 49 ዓመት የሆነች ሴት ባለፈው ቀንና ሌሊት የበላችው በ10 የምግብ ምድቦች ይከፈላል። ከ15 ግራም ያላነሰ መጠን የተበላበት ምድብ ይቈጠራል፤ 5 ወይም ከዚያ በላይ ምድብ የሞላላት ሴት ስብጥሩን አሟልታለች ትባላለች። ስለዚህ በ4 እና በ5 መካከል ያለው ልዩነት ሴትዮዋን ከአንዱ ዐምድ ወደ ሌላው ያሻግራታል።

አንዲት ሴት ትናንት እንጀራ በሽሮ ወጥ፣ ጎመንና ሙዝ በላች እንበል። ሽሮው በሽንኩርት ተቁላልቶ ቅቤ ገብቶበታል። እንጀራው አንድ (ጥራጥሬ ያልሆነ እህልና ሥራ ሥር)፣ ሽሮው ሁለት (ጥራጥሬ)፣ ሙዙ ሦስት (ሌላ ፍራፍሬ)፣ ሽንኩርቱ አራት (ሌላ አትክልት) ይሆናል። ጎመኑስ? «ጎመን» ብላ መልሳለች። ጥቅል ጎመን ከሆነ ከሽንኩርቱ ጋር በ«ሌላ አትክልት» ምድብ ስለሚገባ ቍጥሩ 4 ላይ ይቆማል። የአበሻ ጎመን ከሆነ ግን ጥቁር አረንጓዴ ቅጠላ ቅጠል ነውና 5 ይሞላል። እንግሊዝኛው መጠይቅ «ኬል» ይላል፤ አማርኛው «ጎመን» ይላል፤ መላሹ ተርጓሚም «ኬል» ብሎ ይመልሰዋል፤ ሦስቱም ትክክል ናቸው። በከተማ ያለችው ጠያቂ «ጥቅሉን ነው ወይስ ቅጠሉን?» ብላ ካልጠየቀች ግን መልሱ ከሁለቱ የትኛው እንደ ሆነ ከዚያ በኋላ ማንም ሊያውቀው አይችልም።

ቅቤው ደግሞ ከዚህ የባሰ ነው። «ዴይሪ» የሚለው ምድብ በአማርኛ «ወተትና የወተት ተዋጽኦ» ይባላል፤ ትርጕሙም እንከን የለበትም። በመለኪያው ሕግ ግን ቅቤ ከወተት ምድብ ውጭ ነው፤ የሚቈጠረው ከቅባት ጋር ነው፣ ቅባት ደግሞ ከ10ሩ ምድቦች ውስጥ የለም። አማርኛ ተናጋሪ ግን ቅቤን የወተት ተዋጽኦ አይደለም ቢሉት ይስቃል፤ ወተቱን ንጦ ያወጣው እሱ ነው። ስለዚህ ጠያቂዋ በቅንነት «አዎ» ላይ ምልክት ታደርጋለች፤ 4 የነበረው 5፣ 5 የነበረው 6 ይሆናል። ለነፍሰ ጡር እናቶች የሚሰጠው ምክር በዚያ ወረዳ አያስፈልግም ተብሎ ሊወሰን የሚችለው እንዲህ ባለው ድምር ነው።

ከነዚህ ነጠላ ቃላት ጀርባ አንድ ሰፊ ምክንያት አለ፤ ለቋንቋ አጥኚ ማራኪው ክፍል እሱ ይመስለኛል። የሥርዓተ ምግብ ምደባ የሚነሣው ከተክሉ ወይም ከእንስሳው ነው፤ የአማርኛ የምግብ ስያሜ ግን በብዙ ቦታ የሚነሣው ከአሠራሩ ነው። ቆሎ የእህል ስም አይደለም፣ የመቍላት ውጤት ስም ነው፤ የገብስ ቆሎ ከእህል ምድብ፣ የሽምብራ ቆሎ ከጥራጥሬ ምድብ ይገባል። ንፍሮም እንዲሁ ነው፤ የስንዴ፣ የባቄላ፣ የበቆሎ፣ የሁሉም ቅልቅል ይሆናል። ገንፎ፣ ቂጣ፣ አጥሚት፣ ወጥ፣ ፍትፍት ሁሉም ምን እንደ ተደረገ እንጂ ከምን እንደ ተሠራ አይናገሩም። «ትናንት ምን በሉ?» ለሚለው ጥያቄ ተናጋሪው የሚሰጠው የተሟላ መልስ ለመዳቢው ጎደሎ የሚሆነው ከዚህ የተነሣ ነው። «ድንች» እና «ስኳር ድንች» በስም ይቀራረባሉ፤ ውስጡ ብርቱካንማ የሆነው ስኳር ድንች በቫይታሚን ኤ ከበለጸጉት ምድብ ሲገባ ነጩ ግን ከተራው ድንች ጋር ይቀራል፣ ስሙ ግን ቀለሙን አይነግረንም። «ለውዝ» በመጽሐፉ ሌላ፣ በመንገድ ዳር ቆርጣሚው አፍ ሌላ ነው። እንሰት በእንግሊዝኛ «ሐሰተኛ ሙዝ» መባሉ ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው፤ ቆጮና ቡላ የማያውቅ ኮድ ሰጪ «ሙዝ» የሚለውን ቃል አይቶ ፍራፍሬ ውስጥ ቢጨምራቸው ሊፈረድበት አይገባም።

ነገሩ የአማርኛ ብቻ አይደለም። በታንዛኒያ የዕለት አነጋገር «ምቦጋ» አትክልት ማለት ነው፤ ከኡጋሊ ጋር የሚቀርብ ማባያ ሁሉ፣ ባቄላም ይሁን ዓሣ፣ እንዲሁ ሊጠራበት ይችላል። የሶማሊኛው «ዐንጄሮ» ከእንጀራ ጋር በስም ይዛመዳል፤ የሚጋገረው ግን በአብዛኛው ከጤፍ አይደለም። ሁለቱን በአንድ የንጥረ ነገር ዋጋ ማስላት ስንዴንና ጤፍን አንድ ማድረግ ይሆናል። የኢትዮጵያ ምግቦች የንጥረ ነገር ሠንጠረዥ ለመጀመሪያ ጊዜ በ1968 እ.ኤ.አ. ከታተመ ወዲህ ተመራማሪው የሚያሰላው በመስክ የሰማውን ስም በሠንጠረዥ ካለ ስም ጋር አጋጥሞ ነው። ማጋጠም የትርጕም ሥራ ነው፤ በረቂቁ ላይ ግን እንደ ሒሳብ ይጻፋል።

ጾምና ረሃብ

በቤተሰብ ደረጃ የምግብ ዋስትና እጦትን ለመለካት በብዙ አገር የሚሠራበት መጠይቅ 9 ጥያቄዎች አሉት፤ ሁሉም ያለፉትን 4 ሳምንታት ይመለከታሉ። የመጨረሻው፣ ከቤተሰቡ አባላት መካከል በቂ ምግብ ባለመኖሩ ምክንያት ሙሉ ቀንና ሌሊት ምንም ሳይበላ የቆየ ሰው መኖሩን ይጠይቃል። አማርኛው ሲያጥር «ሙሉ ቀንና ሌሊት ምንም ሳይበሉ ያሳለፉበት ጊዜ ነበር?» ይሆናል፤ ምክንያቱን የሚናገረው ሐረግ «ነገሩ ግልጽ ነው» ተብሎ ይወድቃል። መረጃው ከፋሲካ በኋላ ባሉት ሳምንታት ከተሰበሰበ፣ አክፍሎት ያከፈሉ እናት «አዎን፣ ነበር» ይላሉ። በሃይማኖታዊ ኩራት የተሰጠ መልስ የከፋ የምግብ እጦት ምልክት ሆኖ ይመዘገባል።

«ጾም» የሚለው ቃልም በረቂቁ ላይ ጥንቃቄ ይሻል። በሥርዓተ ምግብ እንግሊዝኛ «ፋስቲንግ» ሲባል አንባቢው የሚረዳው ከምግብ መከልከልን ነው፤ ደም ከመሰጠቱ በፊት ሳይበሉ ማደርን ጨምሮ። በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ሥርዓት ግን ጾም እስከ ተወሰነ ሰዓት አለመብላት ብቻ ሳይሆን ከሥጋ፣ ከወተትና ከእንቍላል መታቀብም ነው። 55ቱ ቀን የዐቢይ ጾም ወይም አንድ ረቡዕ በመረጃው ውስጥ ካለ ሦስት የእንስሳት ተዋጽኦ ምድቦች በአንድ ጊዜ ባዶ ይሆናሉ። ስለዚህ የሳምንቱ ቀንና የጾሙ ወቅት በዘዴው ውስጥ መጻፍ አለባቸው፤ በረመዳን ወር ደግሞ የመብያው ሰዓት ስለሚዛወር «ትናንት» ከየት እንደሚጀምር መገለጽ አለበት። «ረሃብ» የሚለው ቃል ለግለሰብ ስሜትም ለአገር መቅሠፍትም መዋሉ ሌላው ችግር ነው፤ «ረሃብ ገጥሞዎታል?» ተብሎ የተጠየቀ ገበሬ ያስታወሰው የክፉ ቀንን እንጂ ያለፈውን ማክሰኞ ላይሆን ይችላል። «ርቦዎት ያውቃል?» የሚለው ግሥ ይቀላል፤ ክብርን ግን ይነካል፤ ደፍሮ «አዎ» የሚል ጥቂት ነው።

በሕፃናት አመጋገብም ያው ነው። «ከጡት ሌላ ምግብ ሰጥተውታል?» ስትባል እናቲቱ ውሃን ምግብ አትለውም፤ አራሱ የላሰው ቅቤም ለሷ ምግብ አይደለም። ጥያቄው «ምግብ» የሚለውን ጥቅል ቃል ትቶ ውሃን፣ ቅቤን፣ የአብሽ ውሃን፣ የላም ወተትን በየስማቸው ካልጠራ፣ ጡት ብቻ የጠቡ ሕፃናት ቍጥር ከእውነቱ በላይ ይወጣል።

ዘመኑ ሲለወጥ ቁመቱ ይለወጣል

የሕፃን መቀንጨር የሚለካው ቁመቱ ለዕድሜው ከሚጠበቀው ጋር ተነጻጽሮ ነው። ዕድሜው የሚሰላው ከልደት ቀኑ ነው፤ እናቲቱ የምትናገረው ቀን በእኛ አቈጣጠር፣ መጽሔቱ የሚቀበለው በጎርጎርዮስ ነው። ኅዳር 2010 የተወለደ ሕፃን በጎርጎርዮስ በ2017 መገባደጃ የተወለደ ነው፤ ሒሳቡ 7 መደመር ነው። ችኩል መዝጋቢ 8 ደምሮ 2018 ካደረገው ሕፃኑ አንድ ዓመት ይታናሻል፤ ለዕድሜው ረጅም መስሎ ይታያል፤ መቀንጨሩም ይሰወራል። ጥር 2010 ለተወለደው 7 ብቻ ቢደመርለት ደግሞ ተቃራኒው ይደርሳል፤ ጤናማው ሕፃን ቀንጭሯል ይባላል። መስከረምን «ሴፕቴምበር» ብሎ መተርጐምም ያው ጥፋት በትንሹ ነው፤ የወሩ ሁለት ሦስተኛ ያህል በኦክቶበር ባይውልም አንድ ሦስተኛው ይውላል። ጳጕሜን ደግሞ 12 ወር ብቻ በሚያውቅ ቅጽ ላይ ቦታ የላትም። ረቂቁ ቀኑ በማን፣ መቼ፣ በምን እንደ ተለወጠ በአንድ መስመር ሊናገር ይገባዋል። የመብያ ሰዓት በሠንጠረዥ ሲወጣም ከጧቱ 2 ሰዓት የነበረው ቁርስ ሌሊት እንዳይሆን መጠንቀቅ ነው።

ስምና ፊደል

የአካባቢ ምግብ ስም በረቂቁ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲጠቀስ ስሙ በሰያፍ፣ ቋንቋው፣ የተክሉ ሳይንሳዊ ስም፣ ከዚያም አሠራሩ በአጭሩ ቢከተል መልካም ነው። ጤፍ ኤራግሮስቲስ ቴፍ፣ የአበሻ ጎመን ብራሲካ ካሪናታ፣ እንሰት ኤንሴቴ ቬንትሪኮሱም ተብሎ ከተጻፈ ከዚያ በኋላ የፊደል አጻጻፉ ቢለያይም አንባቢው አይጠፋም። የእኛ ሙያ ለፈንጂ ድምፆች የሚፈልጋቸውን ምልክቶች የመጽሔቱ የሕትመት ክፍል ብዙ ጊዜ ያራግፋቸዋል። በዚህ ላይ መሟገት ዋጋ ያለው አይመስለኝም፤ በዋናው ጽሑፍ ቀላሉ አጻጻፍ ይቀመጥ፣ በተጨማሪ ሰነድ ግን ስሙ በግእዝ ፊደልና በምሁራዊው አጻጻፍ ይሰጥ።

የደራሲው ስም ጉዳይ ለማንም ኢትዮጵያዊ አዲስ አይደለም። የማስገቢያው ቅጽ «የቤተሰብ ስም» ይላል፤ የአባት ስም ይገባበታል፤ በአገር ውስጥ በራሱ ስም የሚጠቀሰው ሰው በውጭ በአባቱ ስም ይጠቀሳል፤ አንድ ሰው ሁለት ይሆናል። በ2012 እ.ኤ.አ. የተጀመረው «ኦርኪድ» የተባለው የደራሲያን መለያ ቍጥር ይህን በከፊል ይፈታል።

እንግሊዝኛውን ለማቃናት ስንጠራም ከሰዋስው ይልቅ አንድ ቃል ይጠበቅ። «ተጽዕኖ» እና «ምክንያት» የሚሉት ቃላት በአማርኛ የጥናት ጽሑፍ እንደ ልብ ይሠራባቸዋል። በአንድ ጊዜ ምልከታ የተሰበሰበ መረጃ ግን የሚያሳየው ዝምድናን ነው፤ «የእናት ትምህርት ተጽዕኖ» የሚለው ርእስ ወደ እንግሊዝኛ እንዳለ ሲሻገር ገምጋሚው የመጀመሪያ አስተያየቱን የሚጽፈው እዚያ ላይ ነው።

ያቺ ዐረፍተ ነገር በምን ትተካ?

እንደ እኔ አሳብ ቢያንስ ይህን ያህል ልትናገር ይገባታል፦ «የምግብ ስሞች ዝርዝር ከጥናቱ በፊት ከአካባቢው ተናጋሪዎች ጋር በተደረገ ውይይት ተሰበሰበ። ከአንድ በላይ ምድብ ሊገቡ የሚችሉ ስሞች (ጎመን፣ ቆሎ፣ ንፍሮ፣ ስኳር ድንች) ተለይተው ለእያንዳንዳቸው ተከታይ ጥያቄ ተዘጋጀ። ቅቤ ከወተት ምድብ ውጭ እንዲመዘገብ ጠያቂዎች ሠለጠኑ። ስለ ምግብ እጦት የሚጠይቁት ጥያቄዎች ምክንያቱን የሚገልጸውን ሐረግ እንደ ያዙ ተነበቡ፤ በሃይማኖት ምክንያት አለመብላት ለብቻው ተመዘገበ። ተጠያቂዎች ጥያቄውን እንዴት እንደ ተረዱት በራሳቸው ቃል እንዲያስረዱ ተደርጎ መጠይቁ ተፈተሸ። ሙሉው የአማርኛ መጠይቅና የስሞቹ ዝርዝር በተጨማሪ ሰነድ ቀርቧል።»

ደራሲው «የቃላት ወሰኑ አይፈቅድም» ይል ይሆናል። ተጨማሪ ሰነድ በቃላት ወሰን ውስጥ ብዙውን ጊዜ አይቈጠርም፤ የመጠይቁ ዋና ቅጂ የትም ሳይታተም እንግሊዝኛው ብቻ የሚቀርበው በቦታ እጦት ሳይሆን የጠየቀ ስለሌለ ነው። ገምጋሚ ሆነን ስንጠራ መጠየቅ የእኛ ፈንታ ነው።

የጸሐፊነት ነገር ቀድሞ ይነገር። የሕክምና መጽሔቶች አርታኢያን ዓለም አቀፍ ኮሚቴ አራት መመዘኛዎች አሉት፦ በጥናቱ ንድፍ ወይም በመረጃው ላይ ጉልህ ድርሻ፣ ረቂቁን መጻፍ ወይም በይዘት ማረም፣ የመጨረሻውን ቅጂ ማጽደቅ፣ ለሥራው ተጠያቂ መሆን። ገጽ ቈጥሮ የተረጐመ ሰው ምስጋና ይገባዋል፣ ደራሲ ግን አይደለም። የስሞቹን ዝርዝር የነደፈ፣ ጥያቄዎቹን የፈተሸና የዘዴውን ክፍል የጻፈ የቋንቋ ባለሙያ ግን የቀሩትን ሁለት መመዘኛዎች የመፈጸም ዕድል ሊሰጠው ይገባል። ይህ ስምምነት መረጃ ከመሰብሰቡ በፊት በጽሑፍ ቢያዝ ይሻላል፤ ረቂቁ ተቀባይነት ካገኘ በኋላ የሚነሣ የስም ጥያቄ ወዳጅነትን ያበላሻል፣ መጽሔቱም የደራሲ ዝርዝር ለመለወጥ የሁሉንም ፊርማ ይጠይቃል።